አራሴሊ ሰባት ጊዜ ያየችው ፊልም

እኔ ሂኔስ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ አርባ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። በጥይት፣ በገመድ፣ በቀስት፣ አንዴም በፒያኖ። ፒያኖው ከፎቅ ላይ ነው የወረደብኝ፤ እየተጫወተ ወረደ ብዬ ብምል ማንም አያምነኝም፣ ግን እየተጫወተ ነበር። ከደወል ማማ ላይ የተወረወርኩ ጊዜማ መሬት እስክደርስ ሲጋራ ጠቅልዬ፣ ለኩሼ፣ ሁለቴ ስቤለታለሁ።

ያኔ በከተማችን፣ በስፔኗ ታቤርናስ፣ ያልሞተ ወንድ አልነበረም። የካውቦይ ፊልም ሠሪዎች ከያገሩ እየመጡ በረሃችንን «አሜሪካ» ይሉታል፤ እኛም ሰፊ ባርኔጣ ደፍተን አሜሪካዊ እንሆናለን። ጠዋት ወታደር፣ ከምሳ በኋላ ሽፍታ፣ በማግስቱ ጢም ተለጥፎልን የራሳችንን ሬሳ ቀባሪ።

ፊልሞቹ ከዓመት በኋላ ዞረው ዞረው ወደኛው ሲኒማ ቤት ይመጣሉ። እኛ ጋ ደግሞ ፊልም የሚታየው በጓሮ በኩል ነው። ዋናውን ተዋናይ ማንም ከቁብ አይቆጥረውም። እሱ ከፊት ቆሞ ሲያፈቅርና ሲበቀል፣ የኛ ሰው የሚያፈጠው ከኋላው በቅሎ እየሳበ ማን እንደሚያልፍ ነው። «ያቻት አክስቴ! መስኮት የምትዘጋው!» «አማቼን ሰቀሉት! እሰይ!» የሱፍ ፍሬ ቅርፊት መሬቱን ያለብሰዋል። ጸጉር አስተካካያችን በአንድ ፊልም ውስጥ ክርኑ ስለታየ ያንን ፊልም አሥራ አራት ጊዜ አይቶታል፤ ክርኑ በመጣ ቁጥርም ተነስቶ እጅ ይነሳል።

ስለዚህ አንዲት ልጅ አንድን ፊልም ደጋግማ ማየቷ ብርቅ አልሆነብንም። ብርቅ የሆነብን ፊልሙ ውስጥ አለመኖሯ ነው። ዘመድ እንኳ የላትም፤ እያንዳንዱን ሬሳ በስሙ እናውቀዋለን እኮ።

ፊልሙ «የደወሉ ሌባ» ይባላል። በየእሁዱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር የሚታየው። ልጅቷ ከተራራው ላይ፣ ከቱሪያስ መንደር፣ በአውቶቡስ ትወርዳለች። ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ ትቀመጣለች። አትስቅም፣ አትጮህም፣ የሱፍ ፍሬ አትበላም። መብራት ሲበራ ግን ዓይኗ እንባ ያቀረረ፣ ከንፈሯ ፈገግ ያለ ሆኖ ትወጣለች። ይኼ አንድ ላይ እንዴት ይሆናል?

«ዋናው ተዋናይ ነው ልቧን የሰረቀው» አለ ጓደኛዬ ቶርኳቶ። ቶርኳቶ አብሮኝ የሚሞት ሰው ነው፤ ቡጢውም ከልኩ ያልፋል።

«አይደለም» አልኩት። «ሁለት እሁድ ሙሉ ሳያት ነው የከረምኩት። ሰውዬው ሲመጣ አገጯ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ፊቱን አታየውም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታየው? ጫማውን?»

«ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

«አንተን ልታናግር? ያቺ ልጅ? ቡትስ ጫማህን አስይዛ እንግዲህ!»

አስያዝኩ። ለእሷ አምስተኛዋ በሆነው እሁድ ጸጉሬን በውሃ ለጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ሽፍታ ከደወሉ ማማ ላይ ሲወረወር ጠብቄ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣

«ያ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አይደለህም» አለች ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል። «እሱ ግራኝ ነው። ሽጉጡን በየትኛው እጁ እንደያዘ አላየህም?»

የተለጠፈ ጸጉሬን ዳበስኩ።

«አንተ በዚህ ፊልም አራት ጊዜ ነው የምትሞተው» ቀጠለች፣ እንደ መምህርት። «መጀመሪያ በግራጫ ባርኔጣ፣ ከዚያ በጢም፣ ከዚያ ቡና ቤቱ ውስጥ። አራተኛው ላይ ከሞትክ በኋላ ሆድህ ይተነፍሳል። አንዴም ዝንብ አባረሃል።»

አርባ አንድ ጊዜ ስሞት እንዲህ በጥንቃቄ ያየኝ ሰው አልነበረም። የገዛ እናቴ እንኳ «ቅድም የወደቅከው አንተ ነህ እንዴ?» ነው የምትለኝ።

«አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ቢታይ ይበቃል?» አልኳት ሌላ ነገር ሲጠፋኝ።

አሁን ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ትልቅ አይደለም፤ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም።

«አዲስ ነገር ማሳየት እስኪያቆም» አለች። «አሁን ዝም በል፤ የኔ ቦታ እየደረሰ ነው።»

የሷ ቦታ የመጨረሻው ትዕይንት ነበር። ዋናው ሰውዬ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይዋ ወደምትጠልቅበት ይሄዳል፤ የከተማው ሰው ዳር ቆሞ ባርኔጣ ያወዛውዛል። በቃ፣ ይኸው ነው። መቶ ፊልም እንዲህ ነው የሚያልቀው። እሷ ግን ትንፋሿን ያዘች፤ ጣቶቿ የወንበሩን ክንድ ጨመቁ። አገጯ ዝቅ አለ። እኔም ዝቅ አልኩ፣ ዓይኗ የሚሄድበትን ልከተል ብዬ። ከሰውዬው ባርኔጣ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ እርካቡ…

መብራት በራ፤ ተነስታ ሄደች።

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አይጠየቅ። ሐሙስ ዕለት ከፈረስ መውደቅ ሲገባኝ ሳልወድቅ ቀርቼ ዳይሬክተሩ ሰደበኝ። ልጅቷ ምንድን ነው የምታየው? ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በስድስተኛው እሁድ ሳልጠይቃት ስሟን ነገረችኝ፤ አራሴሊ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ አውቶቡሱ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ነበራት፤ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ባለችው የበለስ ዛፍ ስር ተቀመጥን። በለስ ቀጥፌ ላጥኩላት።

«ሲኒማ ቤቱ ሁሉ አንቺ ላይ ይወራረዳል» አልኳት። «ቡትስ ጫማዬ በአፍሽ ላይ ነው ያለው።»

«ምን ብለህ ተወራረድክ?»

«የምታይው ሰውዬውን አይደለም ብዬ።»

ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሳቀችው። «አሸንፈሃል። ፈረሱን ነው የማየው።»

«ፈረሱን?»

«ፈረስ አይደለችም፤ ባዝራ ናት። ሴሬና ትባላለች። የኛ ናት።» በለሱን በጣቶቿ አዞረችው። ከዚያ ታሪኩን ቀስ እያለች አወጣችው። ያባቷ የሜልቾር ባዝራ ነበረች። ውርንጭላ ሆና እናቷ ስትሞትባት አባትዬው በጠርሙስ ወተት አጠጥተው ነው ያሳደጓት። ፊልም ሠሪዎቹ መጥተው ለመቅረፅ ወሰዷት። ከወር በኋላ አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት ወጥቶ «እግሯ ተሰብሮ ተገደለች» ብሎ ኮርቻዋን መልሶ ሄደ። ቆዳዋን እንኳ አላዩም። «አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበር አልወጣም። ዓመት ከአራት ወር። ጢሙን አይላጭም። በረቱን እየጠረገ ይውላል፤ ባዶውን በረት።»

«እና?»

«እና ሚያዝያ ላይ ይሄንን ፊልም አየሁት። መጨረሻው ላይ መጣች! ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ቦራ ያላት፣ የኋላ ግራ እግሯ ነጭ ካልሲ ያጠለቀች የሚመስል። እሷው ናት ሂኔስ። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩትም። ስድስት ጊዜ አየሁ። ስትራመድ ራሷን እንዴት እንደምትወዘውዝ አውቃለሁ። አልሞተችም ማለት ነው፤ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ድረስ አለች። ዋሽተው ለሌላ ሰው ሰጥተዋታል። ለአባቴ ሳልነግረው እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።»

በዚያች ደቂቃ የበለስ ወተት ጣቴን ሲያሳክከኝ ትዝ ይለኛል። ባለቦራዋን ባዝራ አውቃታለሁ። ያላወቅኩት ስሟን ብቻ ነበር።

ፊልም እንደ ሕይወት ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ አይቀረፅም። መጨረሻው በመጀመሪያው ሳምንት ሊቀረፅ ይችላል፤ ሰርጉ ከትውውቁ ይቀድማል። እኛ የዚህ እንጀራ በላዎች እናውቀዋለን፤ ከቱሪያስ የመጣች ልጅ ከየት ታውቀዋለች? ፊልሙ መሃል ላይ ያለው የገደሉ ግልቢያ፣ ባዝራዋ ተገልብጣ ያልተነሳችበት፣ መጨረሻው ከተቀረፀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተሠራው። ከላይዋ የነበረው ጋላቢ እኔ ነኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት። ተስፋ ያበራው ፊት ነበር፤ አፌ ደግሞ ልማዱ ያው ነው።

«አይቻታለሁ» አልኩ።

«ምን?»

«ፊላብሬስ ተራራ ላይ። አንድ ከሰል አክሳይ ጋ። ነጭ ካልሲዋን አይቻለሁ። እንዲያውም… ውርንጭላ ወልዳለች።»

ውርንጭላዋን ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። አራሴሊ በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ጉንጬን ሳመችኝና ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ቆሜ ቀረሁ። ቶርኳቶ መጥቶ፣

«እንዴት ሆነ? ጫማህ ተረፈ?» አለኝ።

«ተረፈ» አልኩት። እግሬ ግን ባዶውን የቆመ መሰለኝ።

በሰባተኛው እሁድ ብቻዋን አልመጣችም።

አባቷ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ አየኋቸው። ለቀብር የሚለበስ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ጢማቸው ትኩስ ተላጭቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ምላጩ ቆርጧቸዋል። ትከሻቸው ላይ ልጓም አንጠልጥለዋል፤ ቆዳው በዘይት ታሽቶ ያበራል። በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ሂኔስ አንተ ነህ?» አሉኝ። እጄን ያዙ። «ልጄ፣ በፊልሙ ላይ አንድ ጊዜ ልያት፤ ከዚያ ወደ ከሰል አክሳዩ ውሰደኝ። ለውርንጭላዋም ስኳር ይዣለሁ።»

ኪሳቸውን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። እውነትም ስኳር ነበር።

በሕይወቴ ብዙ ቦታ ወድቄያለሁ። እንደዚያ ስኳር ከፍታ ያለው ግን አልገጠመኝም።

«አጎቴ ሜልቾር» አልኩ፤ እኛ ጋ ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው። «ዋሽቻለሁ። ከሰል አክሳይ የለም። ውርንጭላም የለችም። ባዝራዎ ሞታለች። ስትሞት ከላይዋ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ደጃፉ በሳቅ ፈረሰ።

«አይስሙት አጎቴ!» አለ ቶርኳቶ ሆዱን ይዞ። «ባለፈው ሳምንት ከጳጳሱ ጋር አብሬ ዋኘሁ ያለን እኮ ነው!»

«ፒያኖው ሲወድቅ ዘፈነ ያለም እሱ ነው!» አለች ትኬት ቆራጯ።

አዛውንቱም ፈገግ አሉ። «ቀልደኛ ነህ ብለውኛል።»

አራሴሊ ግን አልሳቀችም። «ለምን እንዲህ ትላለህ?» አለችኝ ዝግ ብላ። «ሞታ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ላይ ከየት ትመጣለች?»

«መጨረሻው መጀመሪያ ነው የተቀረፀው።»

«ውሸት!» አለ ቶርኳቶ። «የመጨረሻው በመጨረሻ ነው የተቀረፀው፤ ማታውን የስንብት ግብዣ ነበር፣ ሰክሬ አስታውሳለሁ!»

«አንተ ሰክረህ ያስታወስከው ግብዣ አለ?» አልኩት።

ሰው ሁሉ ለመናገር ተሻማ። አንዱ ከገና በፊት ነው ይላል፣ አንዱ በሐምሌ ነው ይላል፤ ስንት ፊልም ውስጥ እንደሞተ የተምታታበት ሕዝብ ከየት ያስታውስ? እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ይህንን አለመታመን ደግሞ ያለፉትን ዓመታት በሙሉ በገዛ አፌ ስሠራው ነው የኖርኩት።

ያኔ ጥርሴ ትዝ አለኝ።

«ቶርኳቶ፣ ይሄንን ጥርሴን ማን ነው ያወለቀው?» ከንፈሬን ገልጬ የፊት ክፍተቴን አሳየሁት።

«እኔ። በወንበር። ቡና ቤቱ ውስጥ ስንደባደብ። ይቅርታ ጠይቄሃለሁ እኮ!»

«በየትኛው ፊልም?»

«በዚሁ በ‹ደወሉ ሌባ›» አለ። አፉ ሳይዘጋ ቀረ። ገባው።

ፎቅ ላይ ወጥቼ ፊልም አጫዋቹን አጎቴ ሳቱርኒኖን ለመንኳቸው። ሠላሳ ዓመት በዚያ ማሽን አጠገብ የኖሩ፣ ከሰው ይልቅ ለፊልም ጥቅል የሚራሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ስድስተኛውን ጥቅል መጀመሪያ፣ ሦስተኛውን ቀጥሎ? ሰው ያብዳል እኮ!»

«አጎቴ፣ አንድ ሰው ስኳር ይዞ ታች ቆሟል።»

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጥቅሉን አነሱ።

ስድስተኛው ጥቅል ተጀመረ። ሴሬና ሸራውን ሞልታ መጣች፤ ራሷን እየወዘወዘች። ሜልቾር ከወንበራቸው ግማሽ ተነሱ። «ልጄ» አሉ፣ ለባዝራዋ። እኔም ከዳር ቆሜ ባርኔጣ እያወዛወዝኩ፣ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ ታየሁ። አራሴሊ ስድስት ጊዜ አይታው ያላየችውን አየች። ጥርሴ ሙሉ ነበር፤ ያኔ ቶርኳቶ ገና አላወለቀውም።

ከዚያ ሦስተኛው ጥቅል፤ ገደሉ። ጋላቢው ጥቁር ፈረስ ላይ ነው። የኛ ሰው አራት ጊዜ እንደሚሞተው ሁሉ ፈረስም ቀለም ተቀብታ ሌላ ፈረስ ትሆናለች፤ ግንባሯንም እግሯንም በጫማ ቀለም አጥቁረውት ነበር። ጋላቢው ወደ ካሜራው እየጮኸ ይመጣል፤ ጥርሱ መሃል ጥቁር ክፍተት። ላብ የጫማ ቀለሙን ማጠብ ጀምሯል፤ ከጥቁሩ ስር ቦራዋ ብቅ ትላለች። ከዚያ የፊት እግሮቿ ታጠፉ፤ አቧራ ሆነ።

የሱፍ ፍሬ የሚቆረጥም አልነበረም። ማንም የማንንም ስም አልጠራም።

«ድገመው» አሉ ሜልቾር።

አጎቴ ሳቱርኒኖ ደገሙት። ሲያልቅ ሜልቾር ስኳሩን ከኪሳቸው አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት።

አራሴሊ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ስትስቂ ልይሽ ብዬ።»

«እኔ ስስቅ አባቴ ተላጨ» አለች። ድምጿ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። «አንተ ለአንድ ሳቅ ነው የዋሸኸው። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ልጓም ሲያሽ አደረ። ጢሙን ሲላጭ መስታወቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

የተወራረድኩበትን ጫማ ቁልቁል አየሁ።

አባቷ ከኋላዬ መጡ። «ባዝራዬን አውቀህ ነው የጣልካት?» አሉኝ።

«እግሯን የሚጠልፍ ገመድ ተዘርግቶ ነበር» አልኩ። «እንደምትወድቅ አውቅ ነበር። እንደማትነሳ ግን አላወቅኩም። ሌሎቹ ሁሌ ይነሱ ነበር።»

ልጓሙን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው ጠቀለሉት። «ቦታውን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ነገ ጠዋት ትወስደኛለህ።»

ጠዋት ሦስታችንም ወጣን። ሁለት ሰዓት ሙሉ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ስንሄድ አራሴሊ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ከፊቴ ትሄዳለች፤ ድንጋይ ሲንሸራተት አባቷን ትይዛለች፤ እኔ ብንሸራተት ግን የምትዞር አይመስልም። ገደሉ ስር ስንደርስ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። እሾህ፣ የተሰበረ የሠረገላ ጎማ፣ አሸዋ። የፊልም ድርጅቱ በትራክተር ጎትቶ እዚያው ነው የቀበራት።

«እዚህ ጋ» አልኩ።

ሜልቾር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልጓሙን መሬቱ ላይ አኖሩት፤ ስኳሩን አጠገቡ በተኑት። ጉንዳኖቹ ወዲያው መምጣት ጀመሩ። ተንበርክከው አሸዋውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ የፈረስ አንገት እንደሚዳበስ።

«ብቻዋን ነበረች?» አሉኝ።

«አይደለም። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዣት ነበር። የሚገድላት ሰው እስኪመጣ።»

«ወዴት ዞራ ነበር?»

ገባኝ። ወደ ቤቷ፣ ወደ ቱሪያስ፣ ዞራ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሦስት መልስ ተዘጋጀልኝ፤ አንዱ ካንዱ ያምራል። ተራራውን እያየች ነበር ልል እችላለሁ። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ የርሶን ድምፅ የምትሰማ ትመስል ነበር ልል እችላለሁ። እንዲያ ብል ያለቅሱ ነበር፤ ጉንጬን ይስሙኝ ነበር። አራሴሊ ከኋላዬ እንደቆመች አላየኋትም፤ ግን ትንፋሿን እንደያዘች ሰማሁ፤ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቦታዋ ሲደርስ እንደምትይዘው።

«አላውቅም አጎቴ» አልኩ። «አቧራ ነበር። እያለቀስኩም ነበር። ወዴት እንደዞረች አላየሁም።»

ሜልቾር ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው ተነስተው፣ ብቻቸውን ወደ ገደሉ ጥግ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

አራሴሊ በጎኔ አለፈች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ሹራቧን አውልቃ ዘረጋችበት። በግማሹ ላይ ተቀመጠች። ግማሹን ተወችው።

ጥቂት ጠበቅኩ፤ ለሌላ ሰው እንደሆነ ብዬ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሄጄ ተቀመጥኩ።